ዲዲ-214 (የአሜሪካ ጦር የስንብት ወረቀት) ላይ ስህተት ያለበት ቬተራን (የቀድሞ ወታደር) ካለ፣ ይህን ሳያነብ ለማንም ብር እንዳይከፍል

ምስጋናዬን ላስቀድም። ዳላስ አካባቢ፣ በአንድ የካውንቲ የቬተራን አገልግሎት ቢሮ የሚሠሩ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል። የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ዘማች ናቸው። የባለቤቴን የስንብት ወረቀት ያስተካከሉልን እሳቸው ናቸው። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉንም። ቡና እንኳ ይዤ ሄጄ በግድ ነው የተቀበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እዚህ አገር ወታደር የነበሩ የኛ ልጆች ብዙ ስለሆኑ ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው ዘርዘር የማደርገው።

ባለቤቴ በዲቪ መጥቶ፣ ግሪን ካርዱን እንደያዘ በ2010 አርሚ ገባ። ዜግነቱንም ያገኘው እዚያው ቤዚክ ትሬኒንግ ላይ ነው። ሥራው የጭነት መኪና መንዳት ነበር። በ2012 አፍጋኒስታን ዘምቶ ባግራም ዘጠኝ ወር ቆየ። በ2014 በክብር ተሰናበተ። ዛሬም ሥራው ያው ትራክ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚተኩስበት የለም።

ሲሰናበቱ የሚሰጠው ወረቀት ዲዲ-214 ይባላል። የቪኤ (የቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሕክምናው፣ የቤት ብድሩ፣ ጂአይ ቢሉ (የትምህርት ድጎማው)፣ የመንግሥት ሥራ ሲያመለክት የሚያገኘው ቅድሚያ፣ ሁሉም የሚታየው በዚህ ወረቀት ነው። የሱ ወረቀት ግን ሁለት ቦታ ተበላሽቷል።

አንደኛ፣ አፍጋኒስታን የሚባል ነገር የለበትም። ቁጥር 12 ላይ የውጭ አገር አገልግሎት የሚሞላበት መስመር ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። ቁጥር 13 ላይ የአፍጋኒስታን ዘመቻ ሜዳሊያው አልተጻፈም። ቁጥር 18 ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አፍጋኒስታን አገልግሏል» መባል ሲገባው ስለሱ አንድ ቃል የለም። ሁለተኛ፣ ቁጥር 7 ላይ የገባበት ቦታና የዚያን ጊዜ መኖሪያው ቨርጂኒያ ይላል። ሰውየው የተቀጠረው እዚሁ ዳላስ ነው። ቨርጂኒያ አሜሪካ ሲገባ አጎቱ ጋ ትንሽ ወራት ያረፈበት ነው።

«ታዲያ እንዴት ፈረምክ?» አልኩት።

«ያን ቀን የሞት ፍርዴን ቢሰጡኝም እፈርም ነበር። ቤቴ መግባት ነው የፈለግኩት።»

ለብዙ ዓመት ስህተቱ ማንንም ትዝ አላለውም። ከዚያ አስም ያዘው። ማታ ማታ ሲያስለው አልጋው ሁሉ ይነቃነቃል። በነሐሴ 2022 ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ወጣ። ከመስከረም 11፣ 2001 ወዲህ አፍጋኒስታን የነበረ ሰው፣ ከአገልግሎት በኋላ አስም ከተገኘበት፣ በጦር ሰፈሩ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ጉድጓድ ጭስ የመጣ ነው ተብሎ ይታሰብለታል። ግንኙነቱን ራሱ እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም። እዚያ እንደነበር ግን መታየት አለበት። አመለከተ። ወረቀቱ ላይ አፍጋኒስታን የለምና ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

ይሄኔ ነው ስልኩ መጮህ የጀመረው። «ካሳህን እናስጨርስልሃለን» የሚሉ ድርጅቶች ከየት እንደሚያውቁ እንጃ። አንደኛው የሚጨመርልህን የስንት ወር ክፍያ ትሰጠናለህ አለው። ባለቤቴ ሊፈርም ብዕር ይዞ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት ሰምታ፣ «ኧረ በሕግ አምላክ! ካውንቲ ሂዱ፣ በነፃ ነው» አለችን። በኋላ ጋሼም አረጋገጡልን። የመጀመሪያ የቪኤ ጥያቄ ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ጠበቃም ቢሆን ማስከፈል የሚችለው ቪኤ አንዴ ከወሰነ በኋላ ነው።

ጋሼ ጋ ስንገባ መጀመሪያ የጠየቁት «ሜምበር ፎር የሚለው ቅጂ ይዛችኋል?» ብለው ነው። የዲዲ-214 አጭሩ ቅጂ የስንብቱን ምክንያትና ዓይነት አያሳይም። ሙሉው ሜምበር ፎር ነው። ከዚያ ማስመሪያ አወጡ። ማስመሪያውን ከእያንዳንዱ መስመር ሥር እያደረጉ፣ ከቁጥር 1 ጀምረው እስከ መጨረሻው አነበቡት። በየመስመሩ ቆም ብለው ባለቤቴን ቀና ብለው ያዩታል። «ይሄ ልክ ነው?» ይሉታል። «ልክ ነው» ካለ በእርሳስ ነጥብ፣ «አይደለም» ካለ ክብ። ምልክቱን የሚያደርጉት ፎቶ ኮፒው ላይ ነው። ዋናው ላይ ማንም እንዳይነካ አስጠነቀቁን። ወረቀቱ ራሱ አናቱ ላይ፣ ጠቆር ያለውን ክፍል መነካካት ወረቀቱን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል ይላል። በብዕር አስተካክሎ የሚመጣ ሰው አለ አሉ፣ እያዘኑ።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ ትንሽ ልበል። የቀድሞው ጦር ውስጥ ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንድም ወረቀት ሳይዙ ነው ቤታቸው የገቡት። ያን ሁሉ ዓመት ማገልገላቸውን የሚያሳይ ብጣሽ ወረቀት አልነበራቸውም። ልጃቸው አሜሪካ ወታደር ሆንኩ ብሎ ሲደውል መጀመሪያ ያሉት «ወረቀት እንዳትጥል» ነው። እሱም አልጣለም። ጓዳችን ውስጥ አንድ ሻንጣ ሙሉ የአርሚ ወረቀት አለ። ስንት ጊዜ ልጥለው ተጣልተናል መሰላችሁ።

ጋሼ ከዚያ ሻንጣ የመረጡት የዘመቻ ትእዛዙንና የደመወዝ ወረቀቱን ነው። የ2012ን የደመወዝ ወረቀት አገላብጠው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። የአደጋ አበል፣ 225 ዶላር። በተከታታይ ወሮች፣ ያው 225።

«ቴክሳስ ቁጭ ብሎ ይቺን የሚከፈለው ሰው የለም» አሉ።

ለቨርጂኒያው ስህተት ደግሞ ሲቀጠር የፈረመውን ውል አወጡ። ዲዲ ፎርም 4 ይባላል። የተቀጠረበትም ቦታ፣ መኖሪያውም ቴክሳስ ብሎ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል።

እኛ የሰማነው ቦርድ ይግባኝ እንደሚባል ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት የሚያርም የአርሚ ቦርድ አለ፤ ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 149 ነው። ጋሼ ግን «ቦርድ የመጨረሻው በር ነው፣ መጀመሪያ ቀላሉን እናንኳኳ» አሉ። ማስረጃው እጃችሁ ላይ ካለና የጽሕፈት ስህተት ወይም የተዘለለ ነገር ከሆነ፣ ኬንታኪ ፎርት ኖክስ ያለው የአርሚ የሰው ኃይል ዕዝ ራሱ ዲዲ-215 የሚባል ማረሚያ ያወጣል። እሱ እምቢ ካለ ነው ወደ ቦርድ የሚኬደው። ቦርዱ ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ አመልክቱ ይላል፤ ካለፈም ፍትሕ ያስገድዳል ብሎ ሊቀበል ይችላልና ተስፋ አትቁረጡ። የስንብቱን ዓይነት ራሱን ማስለወጥ የሚፈልግ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፣ ፎርም 293፣ በ15 ዓመት ውስጥ። ሰው ሁለቱን እያምታታ ጊዜውን ይፈጃል አሉን።

ባለቤቴ ሁለት ገጽ ብሶት ጽፎ ሄዶ ነበር። ጋሼ በትዕግሥት አነበቡለት። ከዚያ አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱትና አዲስ ወረቀት አወጡ። ግማሽ ገጽ ብቻ። ቁጥር ይህ፣ አሁን እንዲህ ይላል፣ እንዲህ መባል አለበት፣ ማስረጃው አባሪ ይህ። በቃ። «የሚያነበው ሰው ጠረጴዛው ላይ የተቆለለ ፋይል አለበት። ሥራውን አቅልልለት» አሉት።

ሰውየውን በጣም የወደድኳቸው ግን «አይሆንም» ሲሉ ነው። ባለቤቴ ሳጅን ተብዬ ነው መውጣት የነበረብኝ ብሎ ያምናል። ማዕረጉንም አብረን እናስገባ አለ። የዕድገት ትእዛዝ አለህ ወይ አሉት። የለኝም፣ አለቃዬ ግን ነግሮኛል አለ። «ይሄ የጽሕፈት ስህተት አይደለም። ማስረጃ የሌለውን ካለው ጋር ካደባለቅኸው ያለውንም ታዘገይበታለህ» አሉት። አኮረፈ። መኪና ውስጥ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢሆን ኖሮ ግን «ይቻላል» ነበር የሚለው።

ወራት ወሰደ፤ አልዋሽም። ጋሼም ኢሜይል አይመልሱም። መልእክት ብትተዉም ቶሎ አይደውሉም። ቢሮው ወረፋ አለው፣ ወንበሩም አይመችም። ፊት ለፊት ስትቀመጡ ግን ሙሉ ሰው ናቸው። ፋይላችሁን ሳያዩ ስማችሁን ያስታውሳሉ፣ የእኛን ስም እንኳ አስተካክለው ይጠራሉ።

ዲዲ-215ቱ በፖስታ መጣ። አንዲት ገጽ ናት። «ይቺው ናት?» አለ ባለቤቴ። ይቺው ናት። አሮጌውን አትተካም፣ ከእሱ ጋር ተያይዛ ነው የምትሠራው፤ ለብቻዋ አታስቀምጧት። አፍጋኒስታን ገብቷል፣ ሜዳሊያው ገብቷል፣ ቴክሳስ ገብቷል። በአዲሱ ማስረጃ ሰፕልመንታል ክሌም (ውድቅ የሆነው ጥያቄ እንደገና እንዲታይ የሚቀርብ ማመልከቻ) ጋሼ ራሳቸው አስገቡለት። አስሙ ተቀባይነት አገኘ።

የቴክሳሷ እርማት ደግሞ ሌላ በር ከፈተች። ሄዝልዉድ የሚባል የቴክሳስ ሕግ አለ። ሲገባ የቴክሳስ ሰው የነበረ፣ ከመነሻ ሥልጠናው ሌላ ቢያንስ 181 ቀን ያገለገለና በክብር የወጣ ቬተራን፣ በመንግሥት ኮሌጆች እስከ 150 ክሬዲት ድረስ ከትምህርት ክፍያ ነፃ ይሆናል። ያልተጠቀመበትን ለልጁ ማስተላለፍ ይችላል፤ ልጁ ግን ዕድሜው ከ25 መብለጥ የለበትም። ወረቀቱ ቨርጂኒያ እያለ ይሄን ማን ያስበዋል? የኛ ልጅ ሃይስኩል ልትጨርስ ነው። ጋሼ ባይጠይቁን ኖሮ እኛ ስለ አፍጋኒስታኑ ብቻ ነበር የሄድነው።

ሁለቱንም ወረቀት ካውንቲ ክለርክ ጋ አስመዘገብናቸው። ቴክሳስ ውስጥ ለዚህ አይከፈልም። ጋሼ ይሄን አጥብቀው ነው የሚናገሩት። በ1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ወድሟል። የናንተን ቅጂ ሌላ ሰው ይጠብቅልኛል አትበሉ።

ቴክሳስ ያላችሁ፣ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ያለው ካውንቲ ሁሉ እንዲህ ያለ ቢሮ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ዳላስም ሂውስተንም አለላችሁ። ሚኒሶታ ያላችሁ በ87ቱም ካውንቲ አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ደግሞ ስቴቱ ራሱ ነው ቢሮዎቹን የሚያስተዳድረው። የትም ብትሆኑ ሰውየው በቪኤ የታወቀ መሆኑን የቪኤ ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስትሄዱ ሜምበር ፎሩን፣ የቅጥር ውሉን፣ የዘመቻ ትእዛዝና የደመወዝ ወረቀት ያላችሁን ያህል ያዙ። ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጡ።

የጋሼን ቢሮ አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ሰኞ ጠዋት ብቻ አትሂዱ፣ ወረፋው በሩን አልፎ ነው የሚወጣው።