ጋዶሊኒየም ወይስ የብረት ናኖቅንጣት?

ኤምአርአይ ሲነሱ አንዳንዴ በደም ስር የሚሰጥ ማድመቂያ አለ። የተለመደው ጋዶሊኒየም ነው። ተፎካካሪው ማግኔታዊ የብረት ኦክሳይድ ናኖቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የብረት ቅንጣት ነው።

ጋዶሊኒየም የደረሰበትን ቦታ ያበራዋል፤ ከዚያ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ችግር የሚመጣው ኩላሊት ሲደክም ነው። ቆዳን የሚያደነድን ከባድ በሽታ ከእሱ ጋር መያያዙ በ2006 ከተነገረ ወዲህ ጥንቃቄው በዝቷል።

የብረቱ መንገድ ሌላ ነው። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ቢሆኑም ለኩላሊት ወንፊት ትልልቅ ስለሆኑ ኩላሊት አያጣራቸውም። የጉበትና የጣፊያ በላተኛ ሴሎች ይውጧቸዋል፤ ብረቱም ቀስ በቀስ ደም ለመሥራት ይውላል። በዚህ የተነሳ ጤነኛ ጉበት ምስሉ ላይ ይጠቁራል። ጉበት ላይ ያለ ካንሰር ግን እነዚያ ሴሎች ብዙም ስለሌሉት ፈካ ብሎ ይለያል። ቆንጆ ዘዴ ነው! ከእነዚህ የብረት ቅንጣቶች አንዱ፣ ፌሩሞክሲቶል የሚባለው፣ እንዲያውም በ2009 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የኩላሊት ሕመምተኞችን የደም ማነስ ለማከም ነበር። እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። አልፎ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ስለሚያስነሳ በ2015 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ጋዶሊኒየም ይበቃል። ኩላሊቱ ለደከመ ግን ብረቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያዋጣል።

ከምስል ሌላ፣ መድኃኒት ወደ ዕጢ ተሸክሞ መሄድ ላይም ብረቱ ይቀድማል፤ በውጭ ማግኔት ሊሳብ ይችላላ። ብቻ የማግኔት ጉልበት ከምንጩ በራቀ ቁጥር ቶሎ ይደክማል። ለቆዳ ቅርብ የሆነ ዕጢ ላይ ተስፋ አለው፤ ሆድ ውስጥ ለተደበቀው ገና ነው።