ነጠላውን የምድጃ ቱቦ በድርብ ቀየርኩት

ሚኒሶታ ነው የምንኖረው። ቤቱን ስንገዛ ሳሎኑ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ነበረው፤ ሁለት ክረምት እሱን እያነደድን አለፍን። ችግሩን ያየችው እናቴ ናት። ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ፣ ቡና እየጠጣን ሳለ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ዳሰስ አደረገችና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ግድግዳ እኮ ይፋጃል» አለችኝ። እኔም ነካሁት። እጄን ማቆየት አልቻልኩም። ከቱቦው ትይዩ ያለው ነጭ ቀለም ቡናማ ሆኗል።

በማግስቱ ሜትር ይዤ ለካሁ። ከቱቦው እስከ ግድግዳው 9 ኢንች ብቻ! እዚህ አሜሪካ የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 211 የሚባለው የጪስ ማውጫ የእሳት ደኅንነት ደንብ ለነጠላ ቱቦ፣ ማለትም አንድ ንብርብር ብረት ብቻ ላለው፣ የሚጠይቀው 18 ኢንች ነው። ግድግዳው ጂፕሰም ስለሆነ አይቃጠልም ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ከጂፕሰሙ ኋላ ያለው እንጨት ነው፣ እንጨት ደግሞ ለዓመታት ሲግል ከኖረ ውስጥ ውስጡን እየከሰለ በትንሽ ሙቀት የሚቀጣጠል ይሆናል። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ልጆቼ ይተኛሉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከግድግዳው 1 ኢንች ፈቀቅ ብሎ፣ ከላይም ከታችም አየር እንዲያልፍ ሆኖ የሚሰቀል ቆርቆሮ የሚፈለገውን ርቀት ያሳጥራል። ግን የኔ ቱቦ ራሱ አልቆ ነበር፤ ክርኑ ላይ በብሎን መፍቻ ጫን ሳደርገው በሳው። ስለዚህ ባለ 6 ኢንች ድርብ ቱቦ ገዛሁ። ውስጡ የማይዝግ ብረት፣ ውጪው ጥቁር ብረት፣ መሃሉ አየር ነው። ከግድግዳ 6 ኢንች ይበቃዋል ተብሎ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ የናንተ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ሁሉም አንድ አይደለም።

በጣም የወደድኩት ተስቦ የሚረዝመውን ቁራጭ ነው። ድርብ ቱቦ እንደ ነጠላው አይቆረጥም፤ ልኩን የምታመጡት በእሱ ነው። ጪሱም ውስጡ ሳይቀዘቅዝ ስለሚወጣ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው የጪስ ቅጥራን ይቀንሳል። የገጠመልኝ ፈቃድ ያለው የጪስ ማውጫ ባለሙያ ነው። የድሮው ቱቦ ላይ የነበረውን ጥቁር የቅጥራን መስመር አሳየኝ። ያኔ የገጠመው ሰው ጠባቡን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎት ኖሯል፤ ወደ ታች፣ ወደ ምድጃው መዞር ነበረበት፣ ቅጥራኑ ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ እሳቱ እንዲወርድ። ባለሙያው በየመጋጠሚያው ሦስት ሦስት ብሎን አስገባልኝ።

ዋጋው ከበድ ይላል፤ ከነጠላው እጥፍ በላይ ነው የከፈልኩት። ሌላው፣ ቱቦ ላይ የሚለጠፈው የማግኔት ቴርሞሜትር አሁን አይሠራም፤ ላዩ ስለማይግል የውሸት ቁጥር ነው የሚያሳየው። ቱቦው ተበስቶ ወደ ውስጥ የሚገባውን ቴርሞሜትር አብራችሁ እዘዙ። መጀመሪያ ሲነድ ቀለሙ ይሸታል፣ መስኮት ክፈቱ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ድርብ ቱቦ የሚያሳጥረው የቱቦውን ርቀት እንጂ የምድጃውን አይደለም። የምድጃው ርቀት ከጀርባው ባለው ብረት ላይ ተጽፏል። የኔ 16 ኢንች ይላል፣ ለካሁት፣ 20 ሆነ።

ትናንት ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል አንድጄ ግድግዳውን ነካሁት። ለብ እንኳን አላለም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን ያስቀረሁት ለዋጋው ነው።