አራት ክረምት ያለቀሰችውን እናቴን ላሳረፉልኝ ግንበኛ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ትናንት ማታ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ እኛ ቤት ባልዲ ይዞ የሮጠ ሰው የለም። ከአራት ክረምት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ! ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ቤታችን ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ቁልቁለቱ ላይ ነው። የኛን ከተማ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመንገድ ስታዩት ተራ ቤት ነው፣ በታች በኩል ስትዞሩ ምድር ቤት አለው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንጋዩን በገዛ እጁ እያቀበለ ያሠራው ነው። እህሉ፣ በርበሬው፣ የእናቴ ስፌት ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። በ2014 ጥቅምት ተኩሱ ሲበረታ ዘጠኝ ሰው ሆነን ተጠጋግተን ያደርነውም እዚያው ነው። ስለዚህ ሰው "ዝጉትና ተዉት" ሲላት እናቴ መስማት አትፈልግም።

ሐምሌ በገባ ቁጥር ግን ውሃው ይገባል። የታችኛው ማዳበሪያ ጤፍ በስብሶ የጣልንበትን ቀን አልረሳውም።

ያልጠራነው ባለሙያ የለም። አንዱ ግድግዳውን ከውስጥ ለስኖ፣ ውሃ አያስገባም ያለውን ቀለም ቀብቶ፣ 18 ሺህ ብር ተቀብሎን ሄደ። ልስኑ ነሐሴን ሳይሻገር ተቀርፎ ወደቀ፤ ስንደውል ስልክ አያነሳም። ሌላው ቀብድ በላና ቀረ። የሰፈሩ የጎርፍ ቦይ ይጠረግልን ብለን ወደሚመለከተው ቢሮ ብንሄድ ደግሞ "ደብዳቤ አምጡ"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው"፣ "በጀት ሲለቀቅ"። እናቴ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ያንን ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች። ገንዘቡ ይቅር፣ ይሄ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ግንበኛውን አያን የጠቆመችን ቡና ላይ የነበረች ጎረቤታችን ናት። (ስማቸውን አልጽፍም፣ አልወደዱም። ሰፈሩ ሁሉ "አያ" ነው የሚላቸው።) አምና ሐምሌ መጨረሻ መጡ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ዛሬ የምሠራው የለም፣ ዝናብ ሲጥል እመጣለሁ" ብለው ሄዱ። እውነቱን ልናገር፣ እኒህም እንደሌሎቹ ናቸው ብዬ ቆረጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ሳንደውልላቸው በሩ ተንኳኳ! አያ ላስቲክ ደርበው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ቆመዋል። ምድር ቤቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ ጎርፉን ተከትለው ሽቅብ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ከኛ ሦስት ቤት ከፍ ብሎ ቦዩ ላይ ለመኪና መግቢያ ኮንክሪት ተሞልቶበታል፤ ከሥሩ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ ደለሉ ታጭቋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን እየገባ ይሰወራል። አያ በዓይናቸው አይተው አልበቃቸውም። ተመልሰው እናቴን "እትዬ፣ አለላ የሚነክሩበት ቀለም አለዎት?" አሏት። ቀዩን ሰጠቻቸው። በጥብጠው ወደ ላይ ሄደው ውሃው የሚሰወርበት ቦታ ደፉትና "በሉ፣ ወርደን እንቀመጥ" አሉ።

ተቀመጥን። ማንም አይናገርም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከግራው ማዕዘን፣ ከወለሉ ጥግ፣ ቀይ ውሃ ብቅ አለ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አያ ደግሞ ለስለስ ባለ ድምፅ "አብሽሩ እትዬ፣ ቤትዎ ጤነኛ ነው" አሏት። አራት ክረምት ቤቴ ተበላሸ ብላ ላለቀሰች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

የቀረውን ሙያ አልረዳውም። ያስረዱኝ ያህል፣ ቦዩ የተሠራው እዚህ ጥቂት ቤት በነበረበት ጊዜ ነው፤ እናቴ ተድራ ስትመጣም ነበር። ዛሬ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮና ኮብልስቶን ስለሆነ መሬት ይጠጣው የነበረው ውሃ ሁሉ በዚያችው ጠባብ ቦይ ወደ ቦርከና ወንዝ ይሮጣል። የኮንክሪቱን ባለቤት እሳቸው ራሳቸው ሄደው አናገሩልን፤ ሰውየውም ደግ ነው፣ እሺ ብሎ አስፈርሶ የሚነሳ የብረት ፍርግርግ አደረገበት። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከግንቡ ጀርባ ቆፍረው ጠጠርና ቱቦ ቀበሩ። አራት ቀን ፈጀ። የጠየቁን ዋጋ ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ከወሰደብን ግማሹን አይሞላም። "ቀለሙን የደፉበት ቀንስ ሒሳቡ ስንት ነው?" ብላቸው "እሱማ ማየት ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ?" አሉኝ።

እባካችሁ ምድር ቤታችሁ ውሃ የሚገባ ሁሉ፣ ግድግዳ ከማስለሰናችሁ በፊት አያን አሳዩ። በድጋሚ እላለሁ፣ አያን አሳዩ! ፈቅደውልኛል፤ ስልካቸውን ለጠየቀኝ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ኮምቦልቻም ይወርዳሉ። "ዝናብ ሲጥል እመጣለሁ" ካሏችሁ እንደኔ ተስፋ አትቁረጡ፤ ይመጣሉ።