ለጋሼ ምስጋና፣ ለማታ ተማሪዎች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ይህችን ጽሁፍ ለመጻፍ የፈተናው ውጤት እስኪለጠፍ እየጠበቅኩ ነበር። ተለጠፈ። አለፍኩ! ስለዚህ ያስጠኑኝን ጋሼን ላመስግን፤ እግረ መንገዴንም ላስተዋውቃችሁ።

እኔ ቀን ቀን ንብረት ክፍል እሠራለሁ፤ ማታ ማኔጅመንት እማራለሁ። ዘንድሮ የድርጅት ንድፈ ሐሳብና አመራር የሚባል ኮርስ መጣብን። ስሙን ስሰማ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቴስት ከ20 6 አመጣሁ። የሚሰጠን ሃንድአውት የማኔጅመንት ሊቃውንት ስምና ዓመት (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተደረደረበት ነው፤ ቴይለር 1911፣ ፋዮል 1916፣ ወዘተ። እኔም ሸምድጄ ገባሁ። ፈተናው ግን "ከምትሠሩበት ቦታ ምሳሌ አምጥታችሁ አስረዱ" ይላል። ምን ልበል? ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጬ ወጣሁ።

ወደ ጋሼ የወሰደችኝ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ናት። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚያስጠኑት። አንድ ሰሌዳና ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ በቃ። ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሃንድአውቴን ገለጥ ገለጥ አደረጉና መለሱልኝ። "የሰፈራችሁ እድር ደንብ አለው?" አሉኝ።

በሳምንቱ የእናቴን እድር መተዳደሪያ ደንብ ይዤ ሄድኩ። ማኅተም ያለበት፣ ቡና የፈሰሰበት ደብተር ነው። ጋሼ እርሳስ አወጡና የጀርመናዊውን የሶሲዮሎጂ ሊቅ የማክስ ዌበርን ቢሮክራሲ እዚያው ላይ ይፈልጉ ጀመር። (ለእኛ ቢሮክራሲ ማለት "ነገ ተመለስ" ነው፤ ዌበር ግን ሥራው በዘመድና በፊት ሳይሆን በሕግ የሚሄድበትን አሠራር ነው እንዲህ ያለው።) የተጻፈ ደንብ? አለ፣ ራይት። የሥራ ክፍፍልና እርከን? ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ራይት። መዝገብና ካርኒ? ራይት። የእድሩ ገንዘብ ከገንዘብ ያዡ ኪስ የተለየ ነው? ራይት። ከዚያ ቆም አሉ።

"ጸሐፊውን ማን ቀጠረው?"

"አልተቀጠረም፣ ተመርጦ ነው።"

"ደመወዙስ?"

"የለውም።"

ሁለት ኤክስ አደረጉ። የዌበር ሹም በችሎታው የሚቀጠር፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ እንጀራው ያው ሥራ የሆነ ሰው ነው። "እንግዲህ እድራችሁ ግማሹ ቢሮክራሲ ነው፤ ግማሹ ጉርብትና" አሉ። ዌበር ያንን ጥርት ያለ ሞዴል ያስቀመጠው እውነተኛውን ድርጅት አጠገቡ አቁመን እንድናነጻጽር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሙሉ ሴሚስተር ያልገባኝ ነገር በአንድ የእድር ደብተር!

የፋዮልን 14 የአስተዳደር መርሆዎች ስንጀምር ደግሞ የራሴን ቢሮ አስወሩኝ። እኔ ዘንድ ፋይናንስ ኃላፊው "ያለ እኔ ፊርማ ዕቃ አታውጣ" ይላል፣ ሥራ አስኪያጁ "ቶሎ አውጣ" ይላል። "አየህ፣ የትእዛዝ አንድነት፣ አንድ ሠራተኛ ከአንድ አለቃ ብቻ ይታዘዝ የሚባለው፣ ሲጎድል እንዲህ ነው" አሉኝ። ይቺን እንዳለች ፋይናል ላይ ጻፍኳት።

አንድ ቅዳሜ የሆውቶርንን ጥናት እያስረዱን መብራት ጠፋ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አጠገብ ባለ የስልክ ዕቃ ፋብሪካ የተካሄደ ነው፤ አጀማመሩም የመብራት ብርሃን ሲጨምርና ሲቀንስ የሠራተኛው ምርት ምን ይሆናል የሚል ነበር። ግራ ያጋባቸው ብርሃኑን ሲቀንሱትም ምርቱ አለመውረዱ ነው። እኛም በስልክ ባትሪ ቀጠልን። ጋሼ ሳቁ፤ "ይኸው፣ እናንተም አልቀነሳችሁም።" ግን ወዲያው ዝም ብላችሁ እንዳትቀበሉ ብለው፣ የኋላ ተመራማሪዎች ጥናቱን እንዴት እንደተቹት አስረዱን።

አመራርን ያስተማሩን በታክሲ ነው። የሄርሲና ብላንቻርድን ሐሳብ ማለት ነው፤ መሪ አመራሩን እንደ ተከታዩ ብቃትና ፈቃደኝነት ይለዋውጣል የሚለውን። ትናንት ሥራ የጀመረ ረዳትን ሹፌሩ "ሳሪስ በል፣ ሂሳብ ሰብስብ፣ በሩን ዝጋ" ይለዋል። ሦስት ዓመት አብሮት የሠራውን ግን በመስታወት አየት ያደርገዋል፣ አለቀ። አሁን ታክሲ ስሳፈር ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። የሰሌዳ ጽሕፈታቸው የሐኪም ማዘዣ ነው። አምስት ደቂቃ ካረፈዳችሁ ፊታቸው ይጠቁራል። አሳይመንት ሠርተው አይሰጡም፤ አንድ ልጅ ገንዘብ ጨምሬ ልክፈልዎት ብሎ ጠይቋቸው በዚያው ነው የሸኙት። እኔ ይሄን እንደ እንከን አላየውም፣ ግን ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ አትልፉ።

ዋጋቸው ለብቻ በሰዓት 250 ብር ነው፤ አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ለእያንዳንዳችሁ 100። ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ነው የሚገኙት። ቁጥራቸውን እዚህ ማውጣት አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ስልካችሁን በር ላይ ካለችው ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡታል።

ጋሼ፣ ፌስቡክ እንደማይከፍቱ አውቃለሁ። ልጅዎት ታንብብልዎት። እናቴም እጅ ነስታለች፤ የእድሩን ደብተር ግን መልሱልኝ ብላለች።