ደሴ ላይ ሞተሬን 3 ሴንቲ ዝቅ አስደረግኳት፤ ዋጋው ይገባዋል?

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ይገባዋል። ግን ዋጋ ያለው ሥራ ዝቅ ማድረጉ አይደለም፣ አብሮት የሚሠራው የሞላ (የስፕሪንግ) ሥራ ነው። ይሄን የሚዘል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሞተሯ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል ናት። ለማያውቃት፣ አስፋልትም ኮረኮንችም የምትሄድ፣ ከፊት 21 ከኋላ 18 ኢንች ጎማ ያላት፣ ከነነዳጇ 144 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሞተር ናት። መቀመጫዋ ከመሬት 87.5 ሴንቲ ይርቃል። የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ60 ነው። በቃ፣ መሬት የሚነካው የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ብኖር ምናልባት እንዲሁ እተዋት ነበር። ደሴ ግን ሜዳ የት አለና! ከፒያሳ ወደየትም ብትታጠፉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ኮብልስቶን ዳገት ላይ ፊታችሁ ያለው ባጃጅ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመ እንበል፤ እግራችሁን የምታሳርፉት በዘቅዛቃው በኩል ከሆነ መሬቱ ጭራሽ ይሸሻችኋል፣ ያ ሁሉ ኪሎ አንዴ ወደዚያ ካዘነበለ ደግሞ የሚመልሰው የለም። አጭር ሰው ብቻ የሚቸገር እንዳይመስላችሁ። ረጃጅሞቹም ሲወድቁ አይቻለሁ።

ሰው ብዙ ነገር ይሞክራል። መቀመጫውን ፈትቶ ስፖንጁን ማስላጨት ርካሹ ነው፤ ሁለት ሴንቲ ታተርፋላችሁ፣ ከደሴ ወጣ ካለችው ከኩታበር ስትመለሱ ግን ወገባችሁ ሂሳቡን ያወራርዳል። ሞላውን ማላላትም አለ። እሱ ሞተሯን ዝቅ ያደርጋታል፣ ዕቃ ስትጭኑባት ደግሞ ጉድጓድ ላይ ጥግ ድረስ ሄዳ ትመታለች። ሦስተኛው ሊንክ መቀየር ነው። ከኋላ ሾክ አብዞርበሩ ሥር ያለችው አጭር ማያያዣ ብረት አብዛኛው ሞተር ላይ ረዘም ባለች ስትተካ ኋላው ይወርዳል። ቀላል ይመስላል። ችግሩ፣ ሊንኩ ሲቀየር በሾኩ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም ይቀየርና ያው የድሮው ሞላ የላላ ይሆናል። ከኋላ ብቻ ወርዳ ፊቷ እንደነበረ ከቀረ ደግሞ መሪዋ ይሰንፋል፣ ማታ መብራቷ መንገዱን ትቶ የጦሳን ተራራ ያበራል።

የሄድኩበት ጋራዥ ትንሽ ነው። ደጁ ላይ የተፈታቱ ባጃጆች ተደርድረዋል፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። ይሄ አልተመቸኝም። ዋናው መካኒክ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። «ጋሼ፣ ዝቅ አድርግልኝ» ስለው ቁመቴን አልጠየቀኝም። «ስንት ኪሎ ነሽ እህቴ? ከኋላስ ምን ትጭኛለሽ?» አለኝ። የከብት ሐኪም ነኝ፣ የክትባት ሳጥን ጭኜ ገጠር ለገጠር ነው የምውለው። ይሄን ከሰማ በኋላ ሜትሩን አነሳ።

አለካኩ ደስ ይላል። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ተንጠልጥሎ፣ ቀጥሎ ሞተሯ በራሷ ቆማ፣ ከዚያ እኔ ከነሳጥኑ ተቀምጬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ለካ። ሰው ሲቀመጥባት የምትወርደው ከኋላው ጎማ ሙሉ የመውጣትና የመውረድ ጉዞ ሲሶ ገደማ መሆን አለበት። የእኔዋ ከዚያ በጣም አልፋ ትወርድ ነበር፤ ሊንኩን ብቻ ቀይሬ ብሄድ ኖሮ መጀመሪያ የማገኘው ጉድጓድ ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን ይልሰው ነበር። ስለዚህ ከሊንኩ ጋር ጠንከር ያለ ሞላ ከኋላ ገባ። ከፊትም ሞላው ተቀየረ፣ ጭቃ የመሰለው የፎርክ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ቱቦዎች) ዘይትም በአዲስ ተተካ። ፎርኩን በመያዣዎቹ ውስጥ ወደ ላይ ገፍተው ፊቷን ከኋላዋ ጋር አስተካከሉት። አንድ ነገር በተለይ ወደድኩላቸው፦ ከመጨረሳቸው በፊት ሞላውን አውጥተው ፎርኩን እስከ ጥጉ ጨፈለቁትና ጎማው የትም እንደማይነካ፣ የፍሬን ቱቦውም እንደማይቆነጠጥ አዩ። ሲያዩም ጠርተው አሳዩኝ። የካቴናውን ልክ ደግሞ እንደገና አስተካከሉ፤ የኋላው ሲወርድ እሱም ይለወጣልና።

እኔ 5 ሴንቲ ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ። ከፋብሪካ ስትወጣ ሆዷ ከመሬት 25 ሴንቲ ገደማ ነው፣ አምስት ሲቀነስበት ገጠር ያለው ድንጋይ ሁሉ ሞተሯን ይገጫል አለ። «አብሽሪ፣ ሦስት ይበቃሻል» አለኝ፤ በቃኝም። ሁለቱም እግሮቼ ባይደላደሉም ግማሽ ጫማዬ መሬት ያርፋል። ዘቅዛቃ ላይ የሚያስፈልገው ይሄው ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የጎን መቆሚያዋ ሞተሯ ስትወርድ ረዝሞ ስለሚቀር ማሳጠር ግድ ነው፣ ካላጠረ ቀጥ ብላ ትቆምና ንፋስ ይጥላታል። ቆርጠው በየዱት፣ ግን አብዝተው ቆረጡት። ሞተሯ እንደ ሰካራም ተንጋዳ መቆም ጀመረች። መልሼ ስወስዳት ሳይከራከሩ፣ ሳያስከፍሉ አስተካከሉልኝ። ጭቃ ላይ እንዳይሰምጥም ሥሩ ላይ ሰፋ ያለ ብረት በየዱበት። ሌላው መዘግየቱ ነው። ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ «ነገ» ሲሏችሁ ነገ ነው ብላችሁ አትቁጠሩ። ብሩን የሚበላው ዕቃው ነው፣ የእጅ ዋጋቸው ግን የሚያስከፋ አይደለም። የጎረቤታቸው ቡና ሥራው እስኪያልቅ ያቆያል፣ እሱን ለብቻው ላመስግን።

ጉዞውን በተመለከተ፣ ልዩነቱ መጀመሪያ የታየኝ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ኩርባ በኩርባ፣ ከፊት የጭነት መኪና ከኋላ ሚኒባስ። ድሮ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋን ትደፋ ነበር። አሁን ትንሽ ጎንበስ ብላ ትጸናለች። ኩታበር በኩል ኮረኮንች ላይ ደግሞ ሳጥኑ ከኋላዬ መዝለሉን ተወ፣ ብልቃጦቹም ሳይሰበሩ ይገባሉ። ባዶዋን ስነዳት ግን ትንሽ ትደርቃለች፣ ሞላው ለጭነት ስለተመረጠ ነው። አልፎ አልፎ ድንጋይ ከሥር ይነካኛል። የሆድ መከላከያ ብረት ካላስገጠማችሁ ከዚሁ ሥራ ጋር አስገጥሙ።

ብቻችሁን፣ ያለ ጭነት፣ አስፋልት ላይ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ይሄን ሁሉ ማውጣት አያስፈልግም፣ ስፖንጅ አስላጩና ተገላገሉ። ልታሠሩ ከወሰናችሁ ግን አሮጌውን ሊንክና ሞላ ጋራዡ ውስጥ ትታችሁ እንዳትወጡ። ሞተሯን የምትሸጡ ቀን ገዢው ቁመተ ረጅም ሆኖ ሊመጣ ይችላል።