ኤክታክሮም ኢ100 ከወራት በኋላ፦ ጠይሙን ጠይም አድርጎ ያወጣ ስላይድ ፊልም

እ.ኤ.አ. በ2012 ምርቱ ተቋርጦ በ2018 ወደ ገበያ የተመለሰውን የኮዳክ ኤክታክሮም ኢ100 ስላይድ ፊልም (ሲታጠብ ምስሉ ሳይገለበጥ በራሱ ቀለም የሚታይበት ፊልም) ለወራት ስጠቀምበት ከቆየሁ በኋላ ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያልጠበቅሁት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ፊት። ከዚያ በፊት የምጠቀመው ፉጂ በ1990 ያወጣውን ቬልቪያ 50 የተባለ ስላይድ ፊልም ነበር። ቬልቪያ አረንጓዴውንና ቀዩን እጅግ ስለሚያደምቅ ለተራራና ለአበባ ቢወደድም፣ ጠይሙን ሰው ያቀላዋል፤ ጥቁሩን ደግሞ የጉንጩ ቅርጽ እስኪጠፋ ድረስ በጥላ ይውጠዋል። በኢ100 ያነሳኋቸው ዘመዶቼ ግን ጠይሟ ጠይም፣ ቀይ ዳማውም ቀይ ዳማ ሆነው፣ በግንባራቸው ላይ ያረፈው ብርሃን እንኳ ሳይበላሽ ወጥተዋል። ሻጭ «ቀለሙ ፈዛዛ ነው፤ ስላይድ ማለት ቬልቪያ ነው» ቢለኝ፣ ሣርን የሚያሳምረው ድምቀት የሰውን መልክ እንደሚያጠፋ ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየዋለሁ።

ኮዳክሮምን፣ ማለትም ምርቱ የቆመውን የኮዳክ የቀድሞ ስላይድ ፊልም፣ የሚናፍቁ ሰዎች ስሜት ይገባኛል፤ በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙ ለአሥርት ዓመታት ይጸናል። ይሁን እንጂ የኮዳክሮም ቀለም የሚፈጠረው ማቅለሚያው በእጥበት ጊዜ ሲጨመርበት ስለነበር፣ ያንን ውስብስብ አሠራር ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት፣ በካንሳስ የሚገኘው ድዌይንስ ፎቶ፣ በ2010 መጨረሻ ፊልም መቀበል ካቆመ ወዲህ ያልታጠበ ጥቅል ያለው ሰው ቀለሙን በቀላሉ ሊያገኝ አይችልም። ኢ100 ቀለም የሚሆነውን ንጥረ ነገር በራሱ ንብርብሮች ውስጥ ስለያዘ ኢ-6 በሚባለው የተለመደ የስላይድ ፊልም አጠባብ ይታጠባል፤ የመድኃኒቱን ሙቀት በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቆየት የሚችል ሰውም በቤቱ ሊያጥበው ይችላል።

በጥላ ሥር ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ቀለም የሚያሞቅ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። እንደ ማንኛውም ስላይድ የብርሃን ስሕተትን አይታገስም፤ በተለይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ጠይም ሰው ሲነሳ፣ ብርሃኑን ከነጠላው ላይ ለክቶ አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ያህል መጨመር ይገባል፤ ከዚያ ካለፈ ጥለቱ ሳይቀር በብርሃን ነጥቶ ይጠፋል። ዋጋውም ውድ ነው። ለመልክዓ ምድር ቬልቪያን አልተውም፤ ለሠርግና ለክርስትና ግን የምገዛው ኢ100ን ብቻ ነው።