የልጄ ትምህርት ቤት አፕ፦ ለማንበብ ደስ ይላል፣ መፈለጊያው ግን ይታረም

የልጄ ትምህርት ቤት ዘንድሮ የራሱን አፕ አስጀመረ። ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለባት። ስለዚህ ማታ ማታ በእኔ ስልክ አብረን እናነባለን። ሁለት ወር ሞላን።

እስከ አምና ድረስ ማንበቢያው ሁሉ የሚመጣልን በቴሌግራም ነበር። ፒዲኤፉ ከወላጆች መልእክት ጋር ይደባለቃል። «ማክሰኞ የተላከው» ሲባል ወደ ላይ እየጎተቱ መፈለግ ነው። አሁን ጽሑፉ በትምህርት ዓይነትና በምዕራፍ ተደርድሮ ይጠብቀናል። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረድነው ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። መብራት ጠፍቶ፣ የእኔም ዳታ አልቆ፣ ልጄ ስለ ውሃ ዑደት አንብባ የጨረሰችበት ማታ አለ። ለዚህ ብቻ ሠሪዎቹን አመሰግናለሁ። ፊደሉም ሲተልቅ መስመሩ ከስክሪኑ አይወጣም፣ በደንብ ይታጠፋል።

ከባድ ቃል ሲነካ ፍቺው ይመጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ፍቺው የሚከፈተው ሌላ ገጽ ላይ ነው። ስትመለሱ ካቆማችሁበት አንቀጽ ሳይሆን ከርዕሱ ላይ ይጥላችኋል። ልጄ «ምህዋር» የሚለውን ነክታ አነበበች፣ ተመለሰች፣ ከዚያ ቦታዋን ፍለጋ ጣቷን ማንሸራተት ጀመረች። ሦስተኛው ቃል ላይ መንካቱን ተወችው። «እማዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

እኔን ያንገበገበኝ ግን መፈለጊያው ነው። አንድ ማታ «ፀሐይ» ብላ ጻፈች። «ምንም አልተገኘም» አላት። «ጸሐይ» አለች፤ አሁንም የለም። «አልተጫነም ማለት ነው» ብላ ስልኩን ልታስቀምጥ ስትል ተቀበልኳትና «ጸሀይ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ከች አለ።

የምተዳደረው በጽሕፈት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ስናነባቸው አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ቁጥር ዝርዝር) ውስጥ ሲገባ ሁሉም ለየብቻ ነው የተቆጠረው። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ነገር ግን ፀሐይን ብቻ ብትወስዱ በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ 6 ዓይነት ይጻፋል። ሃ፣ ሓ እና ኃን ስትጨምሩበት 12 ይሆናል። ልጅ ስንቱን ትሞክር? መፈለጊያው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ለባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። ጽሑፉ ሳይነካ፣ ፍለጋው ላይ ብቻ የሚሠራ ነው።

ልጄ መላ አበጅታለች። ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ አፑ የሚቀበላቸውን አጻጻፎች ትመዘግባለች፦ ጸሀይ፣ አለም፣ ስርአት። ባለፈው ሳምንት ታዲያ የአማርኛ የቤት ሥራዋ ላይ «አለም» ብላ ጻፈች። መምህሯ በቀይ «ዓለም» ብለው አረሙላት። «አፑ ላይ ግን እንደዚህ ነው» ብላ ስትነግረኝ ልቤን ነካችኝ። እነዚህን ፊደላት ከአያቷ ጋር ቁጭ ብላ ነው የለየቻቸው።

ሁለቱን ነገሮች በአንድ ገጽ ጽፌ ለክፍል ኃላፊዋ ሰጥቻለሁ። ከፈተናው በፊት እንዲስተካከል ነው የለመንኩት። እስከዚያው አፑን የምትጠቀሙ ወላጆች መፈለጊያውን ተዉትና በምዕራፍ ዝርዝሩ ግቡ። የሳምንቱን ንባብም ዓርብ ዕለት ልጃችሁን ልትወስዱ ስትሄዱ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ አውርዱት።